የሰንጢ መቆለፊያ ጣና ዳር፦ «ቀጭ» ማለቱ አይበቃም

ሰንጢ ሲከፈት ቀጭ ይላል። አብዛኛው ሰው ያንን ድምፅ ሲሰማ ተቆልፏል ብሎ ሥራውን ይጀምራል። ድምፁ የሚነግረን ግን መቆለፊያው ከስለቱ ጋር መጋጨቱን ብቻ ነው። ምን ያህል ዘልቆ ገባ? በመሃል ደለል አለ? ከጀርባ ቢገፋስ ይይዛል? ይህን ሁሉ ድምፁ አይናገርም። ይህ ጽሑፍ በየኪሳችን ስለምንይዘው ተጣጣፊ ሰንጢ መቆለፊያ ነው፤ የትኛው ዓይነት እንዴት እንደሚይዝ፣ ለምን እንደሚከዳ፣ ባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለሚሠራ ሰው ደግሞ በተለይ ምን እንደሚያበላሸው።

አቋሜን ከመነሻው ላስቀምጥ። መቆለፊያ ተሰብሮ ጣት የሚቆርጥበት አጋጣሚ አለ፤ ግን ብርቅ ነው። በብዛት የሚያጋጥመው መቆለፊያው ሳይሰበርም ሳይጣመምም መንሸራተቱ ነው፤ የሚንሸራተተውም መጀመሪያውኑ ቦታውን በሙሉ ስላልያዘ ነው። ስለዚህ «የትኛው ዓይነት ጠንካራ ነው?» ከሚለው ክርክር ይልቅ «በእጄ ያለው ሰንጢ አሁን በሙሉ ገብቷል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ጣት ያድናል።

ጉልበቱ ከየት በኩል ይመጣል?

በአፉ በኩል ስንቆርጥ ስለቱ የሚገፋው ወደ መከፈቻው አቅጣጫ ነው። ያንን ጉልበት የሚሸከመው ስለቱ ከዚያ በላይ እንዳይከፈት የሚያግደው ፒን ወይም የእጀታው ብረት ነው። ሲባጎ እየሳቡ መቁረጥ፣ ማንጎ መላጥ፣ የጆንያ አፍ መክፈት፣ የመረብ ክር መበጠስ፣ እነዚህ ሁሉ መቆለፊያ በሌለው ሰንጢም ይሠራሉ።

መቆለፊያው የሚፈለገው ጉልበቱ ከጀርባ ሲመጣ ነው። መውጋት አንዱ ነው። የተነከሰ ስለት ነቅሎ ማውጣት ሁለተኛው ነው፤ መፈልቀቅና ማጣመም ደግሞ ሦስተኛው።

ቢጫውን ጄሪካን ውሰዱ። ከታንኳ ወይም ከጀልባ ውኃ ለመጨለፍ አንገቱን ቆርጦ መጨለፊያ ማድረግ በሐይቁ ዳር የተለመደ ነው። ጫፉን ስትወጉት ፕላስቲኩ ስለቱን ከሁለት ጎን ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። ለማላቀቅ እጀታውን ላይ ታች ማነቃነቅ ደግሞ የእጅ ልማድ ነው። ስለቱ በፕላስቲኩ ተይዟል፤ መንቀሳቀስ የሚችለው እጀታው ብቻ ነው። መቆለፊያው ከለቀቀ የሚታጠፈው እጀታው ነው፤ አራቱም ጣቶች ያሉት እዚያው ነው። ጄሪካን ከሆነ ሥራው መጀመሪያ በጋለ ሚስማር ቀዳዳ አውጥቶ፣ ከዚያ ስለቱን አስገብቶ ወደ ራስ ሳይሆን ወደ ጎን እየሳቡ መቁረጥ ይሻላል። መነቀል ካስፈለገ ሳታነቃንቁ፣ በገባበት መስመር ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ።

እምቦጭ ወይም የተቀደደ መረብ የሞተር ጀልባ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠምም ተመሳሳይ ነው። ሞተሩ ጠፍቶና ከውኃው ተነስቶ፣ ናይለኑን ከላይ ወደ ታች መቁረጥ ችግር የለውም። አደጋው ጫፉን ከጥምጥሙ ሥር ሰዶ፣ ጀርባውን በብረቱ ላይ አስደግፎ መፈልቀቅ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሙሉ ጉልበቱ መቆለፊያው ላይ ያርፋል።

ምን ያህል ያርፋል? ስሌቱ ቀላል ነው። ስለቱ 8 ሴንቲ ሜትር ይሁን። መቆለፊያው የስለቱን ግርጌ የሚነካው ከማጠፊያው ፒን 8 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ነው እንበል። ርዝመቱ 10 እጥፍ ስለሆነ፣ በጫፉ ጀርባ ላይ የሚያርፍ የ5 ኪሎ ግፊት መቆለፊያው ዘንድ ሲደርስ 50 ኪሎ ይሆናል። ይህን የሚቀበለው በብዙ ሰንጢዎች 1.5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ውፍረት ያለው ላሜራ ነው፤ ከስለቱ ጋር የሚነካካበትም ስፋት ጥቂት ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። እዚያች ትንሽ ቦታ ላይ የሚገባ ቆሻሻ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ከዚህ ይገባል።

ላይነር ሎክ

ገበያችን ውስጥ በብዛት ያለው ይህ ነው። በእጀታው ውስጥ፣ ከፕላስቲኩ ወይም ከእንጨቱ ሥር፣ በሁለቱም ጎን ላሜራ አለ። አንደኛው ላሜራ በቁመቱ ተሰንጥቆ ወደ መሃል እንዲያጋድል ተደርጓል፤ ስለዚህ ራሱ ሞላ ሆኖ ይሠራል። ስለቱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ይህ ላሜራ ወደ ውስጥ ዘሎ ከስለቱ ግርጌ ኋላ ይቆማል። አሁን የምናውቀውን ቅርጽ የሰጠው አሜሪካዊው ሰንጢ ሠሪ ማይክል ዎከር ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ መጀመሪያ።

የስለቱ ግርጌ ላሜራው የሚያርፍበት ላይ ቀጥ ያለ አይደለም። ከ7 እስከ 10 ዲግሪ አካባቢ ያዘነበለ ነው። ላሜራው በበር ሥር እንደሚገባ ሽብልቅ እየጠበቀ የሚሄደው በዚህ ዝንባሌ ምክንያት ነው። ዝንባሌው ከበዛ ከጀርባ የሚመጣ ግፊት ላሜራውን ወደ ጎን ገፍቶ ያስወጣዋል። ካነሰ ደግሞ ይነክሳል፤ ለመዝጋት አውራ ጣት እስኪቆስል መግፋት ይጠይቃል። በርካሽ ሰንጢ ላይ ይህ ዝንባሌ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት ቀለም ካላቸው ሁለት ሰንጢዎች አንዱ ጥሩ፣ አንዱ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። አዲስና ጤነኛ ላይነር ሎክ ሲከፈት፣ ላሜራው የስለቱን ግርጌ ስፋት ከሩብ እስከ ግማሽ ያህሉን ሸፍኖ መቆም አለበት። ግርጌው 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ላሜራው ከ0.75 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ዘልቆ መግባት አለበት ማለት ነው። ጠርዙን ብቻ ነክቶ ከቆመ አትመኑት። ከዕድሜ ጋር ደግሞ ብረቱ እየተፋጨ ስለሚሄድ ላሜራው በየጊዜው ወደ ውስጥ ይጠልቃል፤ ተቃራኒውን ጎን ከነካ መሄጃ አልቆበታል፣ ከዚያ በኋላ ስለቱ ላይ ታች መላላት ይጀምራል።

ደለሉስ? 0.5 ሚሊ ሜትር የምታህል አንዲት ጠጠር ላሜራውና ስለቱ በሚገናኙበት ቦታ ብትቀር ላሜራው 1 ሚሊ ሜትር መግባት ሲገባው በመንገድ ላይ ይቆማል። ድምፁ ያው ቀጭ ነው። እጅ ላይ የሚሰጠው ስሜትም አይለይም። ጉልበት ሲያርፍበት ግን ጠጠሯ ትፈርሳለች ወይም ትንከባለላለች፤ ላሜራውም ያለ ድጋፍ ይቀራል። ክረምት ላይ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል አባይ ሐይቁን በደለል ሲያደፈርሱት፣ በዚያ ውኃ ሰንጢ ያጠበ ሰው ሰንጢውን አጸዳ ማለት አይቻልም። ውኃው ይደርቃል፤ ደለሉ በማጠፊያው ውስጥ ይቀመጣል።

ዓሣ ሌላ ችግር ያመጣል። የአምባዛ ልጋግ ሲደርቅ እንደ ቫርኒሽ የጠነከረ ሽፋን ይሆናል፤ ላሜራው በፍጥነት እንዳይዘል ያደርገዋል። የቀረሶ ቅርፊት ደግሞ ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ በስለቱና በላሜራው መካከል ሽቅብ ይሰካል። ዓሣ አዘውትሮ የሚያዘጋጅ ሰው ተጣጣፊ ሰንጢ ባይጠቀም እመርጣለሁ፤ ማጠፊያ የሌለው ቢላዋ ቆሻሻ የሚቀመጥበት ቀዳዳ የለውም።

ሁለት ተጨማሪ ድክመቶች አሉት። መጀመሪያው መጣመም ነው፤ ጫፉ እንጨት ውስጥ ተቀርቅሮ እጀታው ሲዞር እጀታውና ስለቱ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸው ይቀራል፤ ላሜራውም ሊሸሽ ይችላል። ሁለተኛው አያያዝ ነው። እጀታው ላሜራውን በአውራ ጣት ለመግፋት ተብሎ በጎኑ ተቦርቡሯል። ጉድጓዱ ሲበዛ፣ አጥብቆ የሚይዝ ሰው የጣቱ ሥጋ እዚያ ገብቶ ላሜራውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሰንጢ ስትገዙ እጀታውን ጭምቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ላሜራው ይነቃነቅ እንደሆነ እዩ።

ፍሬም ሎክ የዚሁ ወንድም ነው። ላሜራው ተለይቶ መኖሩ ቀርቶ የእጀታው ግማሽ ራሱ ተሰንጥቆ መቆለፊያ ይሆናል። የሰንጢ ሠሪው የክሪስ ሪቭ ሥራ ነው። ውፍረቱ ስለሚበልጥና አጥብቃችሁ ስትይዙት እጃችሁ ራሱ መቆለፊያውን ወደ ውስጥ ስለሚገፋ ከላይነር ሎክ ይሻላል። እጀታው ከታይታኒየም ከተሠራ ብረቱ ላይ መጣበቅ ልማዱ ነው፤ በደንብ በተሠሩት ላይ ለዚህ ሲባል ጫፉ ላይ የጠነከረ ብረት ቁራጭ ይታሰራል።

የጀርባ ቁልፍ

እጀታው ጀርባ ላይ ወደ መጨረሻው ወይም ወደ መሃሉ ሲጫኑት የሚሰምጥ ብረት ካለ፣ ያ ሎክባክ የሚባለው ነው። በዓለም ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ባክ 110 የተባለው ሰንጢ ነው። አሠራሩ ሚዛን ነው፤ ረጅሙ ብረት መሃሉ ላይ በፒን ተሰክቷል፣ አንዱን ጫፍ ሞላ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው ጥርስ ደግሞ ስለቱ ግርጌ ላይ ወዳለው ጉድጓድ ይወርዳል።

በእኔ ግምት ለጣና ዳር ሥራ ከላይነር ሎክ ይህ ይሻላል፤ ምክንያቱም ጥርሱ ሙሉውን የስለቱን ውፍረት ይይዛል፣ መጣመም ቶሎ አያስለቅቀውም። ጠላቱ ግን ጉድጓዱ ነው። የኪስ ብናኝ፣ የጥጥ ፈትል፣ የደንገል ክር፣ የትንባሆ ፍርፋሪ እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይታመቃል። ጥርሱ ሲወርድ የታመቀውን ነገር ይረግጣል እንጂ የጉድጓዱን ወለል አይነካም። ለማወቅ ሰንጢው ተከፍቶ ሳለ በጀርባው በኩል እጃችሁን አስኪዱ። በአዲስነቱ መቆለፊያው ብረት ከስለቱ ጀርባ ጋር እኩል የነበረ ከሆነ፣ አሁን ግን ከፍ ብሎ ከተሰማችሁ ጉድጓዱ ሞልቷል። ግማሽ ድረስ ከፍታችሁ በስቴኪኒ ወይም በመርፌ ፈልቅቁት።

ሌላው ችግር መዳፍ ነው። መጫኛው ጫፍ ላይ በሚገኝበት ሞዴል አጥብቆ መያዝ መጫኛውን ሊያሰምጠው ይችላል። ለዚህ መፍትሔ ሆኖ በአንዳንዶቹ ላይ መጫኛው ብረት መሃል ላይ ጎድጎድ ይደረጋል፤ ቦይ ዴንት ይሉታል፣ ስፓይደርኮ የተባለው ድርጅት ሰንጢዎች ላይ ይታያል። ሰንጢ ሠሪው አንድሩ ደምኮ ኮልድ ስቲል ለተባለው ድርጅት የሠራው ትራይ አድ የሚባል ሎክባክ ደግሞ በጥርሱና በስለቱ መካከል ማቆሚያ ፒን ጨምሮበታል፤ ጉልበቱ ወደ ሚዛኑ ፒን ከመሄድ ይልቅ ወደዚህ ጠንካራ ፒን ይሄዳል። ከጀርባ ለሚመጣ ግፊት ከሚታወቁት መካከል አንዱ ጠንካራው ይህ ነው።

በሎክባክ ላይ ጥቂት የላይ ታች መላላት አዲስ ሆኖም ሊኖር ይችላል። የሚያስፈራው እየጨመረ ሲሄድ ነው።

ቀለበት ያለው ኦፒኔል

ከእንጨት እጀታው ጋር በየቦታው የሚታወቀው የፈረንሳዩ ኦፒኔል፣ ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 ሳቮዋ ውስጥ የጀመረው ነው። ቪሮብሎክ የተባለው ቀለበት የተጨመረበት እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ቀለበቱ ተዘግቶም ይቆልፋል። ሁለት ቁራጭ ብቻ ነው፤ አንዱ የቆመ ሌላው የሚዞር። የተከፈተውን ስለት ግርጌ ቀለበቱ ዞሮ ይዘጋበታል።

ለሐይቅ ዳር የምወደው መቆለፊያ ይህ ነው። ሞላ የለውም። የሚይዘው ወይም የማይይዘው በዓይን ይታያል፤ ክፍተቱ ከስለቱ ጋር ከተገጠመ አልቆለፈም፣ ከዞረ ቆልፏል። ድካሙ አንድ ነው፤ ባለቤቱ ማዞር መርሳት የለበትም። ራሱን በራሱ አይቆልፍም።

እንጨቱ ግን ውኃ ይጠጣል። ሙሉ ቀን እርጥበት ውስጥ ከዋለ ያብጥና ስለቱን ነክሶ ይይዛል፤ ጥፍር እስኪሰበር አይከፈትም። ቢያብጥ ጥላ ሥር ነፋስ ባለበት አድርቁት እንጂ ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ እንጨቱን ብቻ በተልባ ዘይት ቀቡት፤ ስስ ቅብ፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ሌላ ስስ ቅብ። ዘይቱ ቀለበቱ ሥር ከገባ ደርቆ ይጣበቃል፣ ስለዚህ ብረቱ ላይ የፈሰሰውን ወዲያው ጥረጉ። ቀለበቱ ከላላና በኪስ ውስጥ በራሱ የሚዞር ከሆነ የክፍተቱን ሁለት ጫፍ በፒንሳ በትንሹ አቀራርቡ። በአንድ ጊዜ ብዙ አይደለም፤ ጥቂት ጭናችሁ ሞክሩ፣ ደግሞ ጥቂት።

ሁለት ዓይነት ስለት አለው። የማይዝገውንና የሚዝገውን በጽሑፉ ለዩ፤ «ካርቦን» የሚለው በማንጎና በሎሚ ጭማቂ በአንድ ቀን ይጠቁራል። ሥራው አይበላሽም፣ ግን ዝገቱ ማጠፊያው ውስጥ ከገባ ማሰር ይጀምራል።

የቀሩት በአጭሩ

አክሲስ ሎክን ቤንችሜድ የተባለው ሰንጢ አምራች እ.ኤ.አ. በ1998 ይዞት ወጣ፤ የፈጠሩት ቢል ማክሄንሪና ጄሰን ዊልያምስ ናቸው። ከእጀታው አንድ ጎን ወደ ሌላው የሚሻገር የብረት ዘንግ በሁለት ቀጫጭን ሞላዎች ተገፍቶ ስለቱ ግርጌ ላይ ይቀመጣል። ዛሬ የቻይና ሠሪዎች ጭምር ይሠሩታል። ጠንካራ ነው፣ ጣትም በስለቱ መንገድ ላይ ሳይገባ ይዘጋል። የሚበጠሰው ሞላው ነው። አንዱ ሞላ ቢበጠስ ሁለተኛው መሥራቱን ስለሚቀጥል ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል፤ ዘንጉን ከግራም ከቀኝም በየተራ ሳቡት፣ አንደኛው ጎን ልል ከሆነ ሞላው አልቋል።

የቁልፍ አዝራር ያለው ሰንጢ ጎኑ ላይ የሚጫን ክብ ነገር አለው። በደንብ የተሠራ ጥሩ ነው፤ ገበያ ላይ የሚሸጠው ርካሹ፣ በተለይ ሲጫኑት ራሱ የሚወረወረው፣ አዝራሩ ከለስላሳ ብረት ስለሚሠራ ቶሎ ይሸረሸራል። አልመክረውም።

መቆለፊያ የሌለው ሰንጢስ? የስዊስ ሰንጢ የምንለው ቪክቶሪኖክስ በ91 ሚሊ ሜትር መጠኑ ዋናው ስለት አይቆለፍም፤ የጀርባ ሞላው ብቻ ነው የሚያቆመው። 111 ሚሊ ሜትር የሆነው ላይ መቆለፊያ ያላቸው አሉ። የማይቆለፈውን የያዘ ሰው እንደማይቆለፍ ስለሚያውቅ አይወጋበትም፣ አይፈለቅቅበትም። መጥፎ ላይነር ሎክ የያዘው ግን ቁልፍ አለው ብሎ ያምነዋል። ምርጫ ቢሰጠኝ የመጀመሪያውን እይዛለሁ።

እንዴት እንፈትሽ?

ፈተናውን ከማጽዳታችሁ በፊት አድርጉት። ታጥቦና ዘይት ተቀብቶ የተፈተነ ሰንጢ ሥራ ላይ ምን እንደሚሆን አይነግራችሁም፤ ማወቅ የምንፈልገው ከኪስ እንደወጣ ያለውን ነው።

በዓይን ጀምሩ። ስለቱን በዝግታ ክፈቱና ስለቱ የሚያርፍበትን ክፍተት ወደ ፀሐይ አዙራችሁ መቆለፊያው እስከ የት እንደገባ እዩ። አሥር ጊዜ ክፈቱ፤ አንዳንዴ በዝግታ፣ አንዳንዴ በፍጥነት። በየጊዜው የሚቆምበት ቦታ አንድ መሆን አለበት። አንዴ ሩብ፣ አንዴ ጠርዝ ላይ የሚቆም ከሆነ ሌላውን ፈተና መቀጠል አያስፈልግም፤ ቆሻሻ አለበት ወይም ሞላው ደክሟል።

ቀጥሎ እጀታውን በአንድ እጅ ይዛችሁ ስለቱን በጨርቅ ያዙና ወደ ጎን፣ ከዚያም ላይ ታች አንቀሳቅሱ። ወደ ጎን መላላቱ የማጠፊያው ብሎን ጉዳይ ነው፤ ብሎኑን በማጥበቅ ይድናል። ላይ ታች መላላቱ የመቆለፊያው ጉዳይ ነው፤ ብሎን በማጥበቅ አይድንም። ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው፤ ብሎኑን እያጠበቁ ሰንጢው እንቢ አይከፈትም እስኪል ያደርሱታል።

ከዚያ ግፊት። ስለቱን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉ። እጀታውን በጭብጥ ሳይሆን ከሁለት ጎኑ በጣት ጫፍ ብቻ ያዙ፤ ቢታጠፍ በመንገዱ ላይ ምንም ጣት መኖር የለበትም። ጀርባውን ጣውላ ላይ አስደግፋችሁ በዝግታ ተጫኑ፤ 5 ሊትር ውኃ የያዘ ጄሪካን የሚከብደውን ያህል ይበቃል። መቆለፊያው በዚህ ግፊት ወደ ኋላ ከተንቀሳቀሰ፣ ባይለቅም እንኳ ሰንጢው ወድቋል። ጤነኛው ፍንክች አይልም።

ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ በኃይል እየመቱ መሞከር በየቪዲዮው ይታያል። አታድርጉት። ምቱ ላሜራውን ያዘልለዋል፣ ጠርዙንም ይጨፈልቀዋል፤ ደህና የነበረውን ሰንጢ ራሱ ፈተናው ያበላሸዋል። ወፍራም መጽሐፍ ላይ ለስለስ ያለ ጥቂት ማንኳኳት ይበቃል።

መጨረሻ ላይ ጫፉን ለስላሳ ጣውላ ውስጥ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሰክታችሁ እጀታውን ወደ ግራና ቀኝ በጥቂቱ አዙሩ፤ ዓይናችሁ መቆለፊያው ላይ ይሁን። ላይነር ሎክ ከሆነ ይህን ፈተና አትዝለሉት።

ላሜራው የት እንደሚነካ በትክክል ማየት ለሚፈልግ፦ የስለቱን ግርጌ በጥቁር ማርከር ቀቡ፣ ይድረቅ፣ አሥር ጊዜ ያህል ክፈቱና ዝጉ። ቀለሙ ሰፋ ብሎ ከተፋቀ ጥሩ ነው። ማዕዘኑ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ከተፋቀች ሙሉው ጉልበት የሚያርፈው እዚያች ነጥብ ላይ ነው ማለት ነው፤ ቶሎ ትበላለች።

ማጽዳት

ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ላርጎ ጨምሩ። ውኃው የቧንቧ ይሁን፣ የሐይቅ አይደለም። ሰንጢውን ከፍታችሁ ለሩብ ሰዓት ያህል ንከሩት፤ የደረቀ የዓሣ ልጋግ ሳይነከር አይለቅም። የእንጨት እጀታ ከሆነ አትንከሩ፤ በእርጥብ ብሩሽ ብቻ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማጠፊያውንና መቆለፊያውን ፈትጉ፣ ውኃው ውስጥ እያላችሁ ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉ። ከላሜራው ኋላ ያለውን ክፍተት ቀጭን ጨርቅ አሳልፋችሁ ሳቡ። አጥባችሁ አራግፉ፣ ግማሽ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ።

ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት፣ በመርፌ ጫፍ፣ በማጠፊያው ግራና ቀኝ አንዳንድ ጠብታ። ከዚህ አይለፍ። ላሜራው ስለቱን የሚነካበት ፊት ደረቅ መሆን አለበት፤ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሙጫ ይሆናል። ቫዝሊንም አይሆንም፤ የበጋውን አቧራ እየሰበሰበ ሊጥ ይሠራል።

ላሜራው ስለቱን ነክሶ አልለቅ የሚል ከሆነ፣ ካጸዳችሁት በኋላ በእርሳስ የግርጌውን ፊት አንዴ ማስመር ይበቃል። ከዚያ በኋላ የግፊቱን ፈተና ድገሙት፤ ማለስለስ መያዙን ሊቀንስ ይችላልና። ሞረድም ሆነ ብርጭቆ ወረቀት እዚያ ፊት ላይ አታስነኩ፤ ሁለት ጭረት ዝንባሌውን ይለውጠዋል፣ የተፋቀ ብረት ደግሞ አይመለስም።

ወደ ጎን የላላ ስለትን ለማጥበቅ፣ ብዙዎቹ ባለ ኮከብ ብሎን ናቸው፤ ቲ6 እና ቲ8 መጠን ያለው ካቻቪቴ ያስፈልጋል። የሞባይል ጠጋኞች ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ስለቱ መንቀራፈፍ እስኪጀምር አጥብቁ፣ ከዚያ የዙር አንድ ስምንተኛ ያህል መልሱ። ብሎኑ በራሱ የሚላላ ከሆነ ክሩ ላይ ጥቂት የጥፍር ቀለም ነክታችሁ አድርቁት። በብሎን ፈንታ የተጠፈጠፈ ሪቬት ያለው ሰንጢ በመዶሻ ቀስ በቀስ እየተመታ ይጠብቃል፤ ግን አንዴ ከልክ በላይ ከጠበቀ መላላት የለውም።

ስትገዙ

ሻጩ ሲከፍትና ሲዘጋ አትዩ፤ እጃችሁ ላይ ይሁን። የላሜራውን ውፍረት እዩ፤ በጣም የቀጠነ ከሆነ ተዉት። ስለቱ ሲዘጋ መሃል ላይ ያርፋል ወይስ አንዱን ጎን ይነካል? ማጠፊያው ብሎን ነው ወይስ ሪቬት? ተዘግቶ ወደ ታች ስታራግፉት ይከፈታል? የሚከፈት ከሆነ ኪስ ውስጥም ይከፈታል። አንድ ዓይነት ሰንጢ ሦስት አራት ካለው ሁሉንም ክፈቱ፤ ልዩነቱን ስታዩ ትገረማላችሁ፣ ከመካከላቸው መቆለፊያው በደንብ የገባውን ምረጡ። የታዋቂ ድርጅት ስም መታተሙን ብቻ አይታችሁ አትመኑ፤ ስም ማተም ቀላል ነው።

አዘጋጉም መማር አለበት። ላይነር ሎክ ስትዘጉ አውራ ጣት በስለቱ መንገድ ላይ ነው። ላሜራውን ገፍታችሁ ስለቱን ጥቂት ብቻ አጥፉት፤ ከዚያ አውራ ጣታችሁን አውጡና ቀሪውን ከጀርባው ገፍታችሁ ዝጉ። እጅ እርጥብ ከሆነ ወይም ዓሣ ከነካ፣ መጀመሪያ እጅ ይጠረግ።

ላሜራው ተቃራኒውን ጎን የነካ፣ ወይም ጸድቶም የግፊቱን ፈተና ያላለፈ ሰንጢ ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ለልጅ ደግሞ ፈጽሞ። ስለቱ ገና ደህና ከሆነ ብሎኑን ፈትታችሁ አውጡት። ግርጌው ላይ ያለው የማጠፊያ ቀዳዳ ለሪቬት ያገለግላል። የደረቀ የወይራ ወይም የዋንዛ እንጨት መሃሉን በመጋዝ ሰንጥቃችሁ ግርጌውን አስገቡበት፤ በቀዳዳው አንድ ሪቬት፣ እንዳይዞር ደግሞ ከግርጌው ኋላ ሁለተኛ ሪቬት እንጨቱን አጣብቆ እንዲይዝ አድርጉ፣ ክፍተቱን በኢፖክሲ ሙሉት። ከቆዳ አፎት ከተሠራለት ዓሣ የሚያዘጋጀው ሰው በጀልባው ላይ የሚይዘው ቢላዋ ይሆናል።